የአምስት ቁጥር ክፍል ጸጥታ

ጋሽ ማሚቶ በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኑ ሥራ ቦታ ላይ የዋሸው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ቤት የዋሸውን ሚስቱ ትቁጠረው። ቃሏ «ይመረጣል» የምትል ናት። ለጡረታ ሦስት ዓመት ሲቀረው ከወንበሩ ልታስነሳው የነበረችውም እሷው ናት።

ሰውየው የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነው። በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ክሊኒክ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ በክትባት ክፍሉና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል በተሸጎጠችው አምስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ሆድ ሲያይ ኖሯል። ማሚቶ ያሰኘው የገደል ማሚቶ ነው። ስለ ሥራው የጠየቀውን ሁሉ «ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ስትጮህ ድምፅህ ይመለስልህ የለ? እኔም ሆድህ ውስጥ እጮሃለሁ፣ የተመለሰውን እሥላለሁ» ይለዋል። «ማሚቶ የምትባለው የት ናት?» ብሎ ፀጉሩን አበጥሮ መጥቶ፣ ባለ ሪዝ ሽማግሌ በሩን ሲከፍትለት ክው ያለ ጎረምሳ እንደነበር እትዬ ካርድ ምላ ትናገራለች።

እትዬ ካርድ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ናት። በክሊኒኩ ውስጥ የሰውን ሆድ የሚመረምሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የአምስት ቁጥሩ ማሽንና እሷ። ማሽኑ ውጤቱን ለሐኪም ብቻ ይሰጣል።

ወደ ውሸቱ ልመለስ። ጋሽ ማሚቶ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሕፃናት መርፌ ቀምሰው ጣራውን ሲያነሱት፣ አልጋው ላይ የተኛች አንዲት ነፍሰ ጡር በሹክሹክታ «ማሽኑ እንዲሰማ ዝም ልበል እንዴ?» አለችው። እውነተኛው መልስ «አያስፈልግም» ነበር። ግን ጠዋቱን ሙሉ ጭንቅላቱ ሲደበደብ ውሏል። የሴትዮዋ ሹክሹክታ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ጉሮሮው ላይ ወረደለትና «ይመረጣል» አላት። እሷ ወጥታ ለዘበኛው ነገረችው። ዘበኛው የጽሑፉ ማማር ሁሌም የሚነገርለት ሰው ነውና በማግስቱ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፦ «ማሽኑ እያዳመጠ ነው፤ ጸጥታ ይከበር!»

ጋሽ ማሚቶ ዛሬ አወርደዋለሁ፣ ነገ አወርደዋለሁ ሲል ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ነርሶቹ በዚያ በኩል ሲያልፉ በእግር ጣታቸው ይሄዳሉ። የክትባት ነርሷ ሕፃን ከመውጋቷ በፊት አንገቷን ብቅ አድርጋ «እየሰማ ነው?» ትላለች። እሱም እጁን ያነሣና «ትንሽ ቆዪ» ይላታል፤ ሻዩን እየጠጣ።

እውነቱን ግን ከማንም በላይ ያውቃል። በሰከንድ ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ የሰው ጆሮ አይሰማውም። የእሱ ማሽን ድምፅ በሰከንድ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ይርገበገባል። ሕፃን ቢያለቅስ፣ በር ቢላተም፣ እትዬ ካርድ ብትስቅ እንኳ ማሽኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ታዲያ ካለፈው ዓመት ወዲህ የጋሽ ማሚቶ ግራ ጆሮ ከሥራ መልቀቅ ጀመረ። ልጁ «አባዬ፣ እባክህ ታይ» ብትለው «ጆሮዬ ደህና ነው፤ እናትሽ ናት ድምፅዋን የቀነሰችው» አላት።

«እኔ?» አለች ሚስቱ። «ጎረቤቱ እኮ 'ቀስ በይ' እያለ ግድግዳ የሚደበድብብኝ አንተን ስጠራ ነው!»

አንድ ቀን እትዬ ካርድ በግራው በኩል ቆማ ሦስት ጊዜ ጠርታው ዝም አላት። አኩርፎኝ ነው ብላ ምሳዋ አልበላ አላት። ከሰዓት በቀኙ በኩል ስትጠራው «አቤት እትዬ!» ብሎ ዞረ። ከዚያማ ወሬው ክንፍ አወጣ። ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ሥራ አስኪያጁ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ከዚያ በፊት የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ነበር የሚያስተዳድረው፤ ስለ ጠርሙስ ክዳን የማያውቀው የለም። አምስት ቁጥር ድረስ ወርዶ ሰሌዳውን አነበበ። ማሽኑ ያዳምጣል፤ ሰውየው አይሰማም። ሂሳቡ ቀላል ነበር። «ከሰኞ ጀምሮ ወደ ካርድ ክፍል ተዛውረዋል» የሚል ደብዳቤ ጻፈለት።

ጋሽ ማሚቶ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ክፍሉን ማጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ዓመት ከእትዬ ካርድ ጋር ፊት ለፊት መቀመጡ ግን ሌላ ነው። እትዬ ካርድም ስትሰማ ደረቷን ደቃች። «እኔ ያወራሁት እንዲወራ ነው እንጂ እንዲጻፍ ነው?»

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ሊረከብ መጣ። እትዬ ካርድ አንዲት ካርድ ይዛ ተከተለችው፤ ካርዷ ባዶ ነበረች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ድምፅ ነው ሥራዎ። ካልሰሙ እንዴት ይሆናል?»

«ድምፁን እኔ ሰምቼው አላውቅም» አለ ጋሽ ማሚቶ። «ማንም ሰምቶት አያውቅም።»

«ሰሌዳው ታዲያ?»

ጋሽ ማሚቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «ሰሌዳው ውሸት ነው። ሕፃናቱ ሲጮሁ ራሴን ያመኝ ነበር። ጸጥታው ጣፈጠኝና ተውኩት።»

እትዬ ካርድ አፏን በካርዷ ያዘች። «ሃያ ሁለት ዓመት! እኔ እዚህ በር ላይ ማስነጠስ ፈርቼ ስንቴ ታንቄያለሁ!»

«ግን የፅንስ ልብ ሲመታ በድምፅ ማጉያው ሰምቻለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ እጅ መስጠት አልፈለገም።

«እሱን ማሽኑ ለእናትየው ብሎ የሚያዜመው ነው። እኔ ምቱን ከስክሪኑ ላይ እቆጥራለሁ። ቁርስ በልተዋል?»

«እስከ ቀትር ድረስ ውኃ ብቻ ነው የምጠጣው።»

«የውኃ ፋብሪካ ሰው!» አለች እትዬ ካርድ።

«ባዶ ሆድ ለማየት ይመቻል፤ እንግዲያው ሸሚዝዎን ገልጠው ይተኙ» አለ ጋሽ ማሚቶ።

ሥራ አስኪያጁ ተኛ። ጋሽ ማሚቶ በእጅ የሚያዘውን ፕሮብ አንስቶ እንዲያው በደረቁ ሆዱ ላይ አሳረፈው። ስክሪኑ ላይ ከጥቂት ግራጫ መስመሮች በቀር ምንም የለም።

«ተበላሸ?»

«በመካከላችን አየር ገብቶ ነው። ድምፁ አየሩ ጋ ሲደርስ ከበር ይመለሳል፣ አይዘልቅም። ለዚህ ነው ይህን ዝልግልግ ጄል የምንቀባው።» ጄሉን ጠብ ሲያደርግበት ሥራ አስኪያጁ ከቅዝቃዜው የተነሣ «ኡፍ!» አለ። ፕሮቡ ሲመለስ ስክሪኑ ሞላ። «ይኸው ጉበትዎ። ፕሮቡ ውስጥ ያለችው ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲነካት ትንቀጠቀጥና ትጮሃለች። ጩኸቷ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ያንቀጠቅጣትና ኤሌክትሪክ ታወጣለች። አፍም ጆሮም እሷው ናት። አንድ ሴንቲ ሜትር ሄዶ ለመመለስ አሥራ ሦስት የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይፈጅበታል። ማሽኑ በዘገየው ልክ ጥልቀቱን ያውቃል። የእኔ ድርሻ ማየት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አቅንቶ የራሱን ኩላሊት ያይ ጀመር። ፊቱ ላይ የነበረው የደብዳቤ ቁጣ ጠፍቶ የትምህርት ቤት ልጅ መሰለ። ጋሽ ማሚቶ ፕሮቡን ወደ ቀኝ ጎድኑ ሥር አንሸራተተና እጁ ቆመ።

ስክሪኑ ላይ ዕንቁላል የመሰለች ጥቁር ከረጢት ታየች። «ሐሞት ከረጢትዎ ናት። ፈሳሽ ድምፅ ስለማይመልስ ነው የጠቆረችው። ይህቺ ውስጧ የምታበራው ግን…» ከምታበራዋ ነጥብ በስተ ኋላ ቀጥ ያለ ጥላ ወርዷል። «በግራ ጎንዎ ይዙሩ እስቲ።» ሥራ አስኪያጁ ሲዞር ነጥቧም ተንከባለለች፤ ጥላዋም ተከተላት። «ጠጠር ናት። ድምፁን አታሳልፍም፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ሲበሉ ያምዎታል?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ በጋሽ ማሚቶ ግራ ጆሮ አንሾካሾከ። ጋሽ ማሚቶ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አንሾካሾከ። ጋሽ ማሚቶ አሁንም በትዕግሥት ጠበቀ።

«ቅባት ከበላሁ ያመኛል፣ ለሚስቴ ግን እንዳይነግሯት ነው የሚልህ!» አለች እትዬ ካርድ ከበሩ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ። የክትባት ነርሷ እንኳ መርፌዋን ይዛ ቆመች።

ጋሽ ማሚቶ ፊቱ ቀላ። ለሦስቱም ነገሩ ገባቸው፤ ለማሽኑ ጆሮ አያስፈልግም፣ አልጋው ላይ ለተኛው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ሥራ አስኪያጁ ጄሉን ጠርጎ ሸሚዙን ቆለፈ። በመጨረሻ «ደብዳቤውን ይመልሱልኝ» አለ። «ጆሮዎን ይታዩና ማዳመጫ ያድርጉ። ሰሌዳውም ይውረድ።»

«ውጤትዎን ለሐኪም ያሳዩ» አለና ጋሽ ማሚቶ ደብዳቤውን መለሰለት። እትዬ ካርድ ያቺን ባዶ ካርድ በሥራ አስኪያጁ ስም ሞላቻት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ልጁ ገና ከሥራ በፊት ማዳመጫውን ከግራ ጆሮው ኋላ አደረገችለት። ሚስቱ አንዴ ጠራችው፤ «አቤት» አለ። ጎረቤቱ ተገርሞ ነው መሰል ግድግዳውን ሳይደበድብ ቀረ።

አምስት ቁጥር ግን ገበያ ሆነች። ሰሌዳው ከወረደ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የታፈነው ሁሉ ይስቃል፣ ይጣራል፣ በር ይዘጋል። እትዬ ካርድ በር ላይ መጥታ ማስነጠስ ጀምራለች። ሕፃናቱም እንደ ድሮው ጣራውን ያነሡታል። ጠዋት አንዲት ነፍሰ ጡር ተኝታ «ዝም ልበል እንዴ?» አለችው።

«እንደ ልብሽ አውሪ» አላት። «እሱ አይሰማሽም፤ እኔ እሰማሻለሁ።»

እሷም አወራች፣ እሱም ሰማ። የልጇን ልብ በስክሪኑ ቆጠረላት፤ ደህና ነበር። ስትወጣ በሩን ዘጋ፤ ሻዩን ቀዳ። የክትባት ነርሷ ከማዶ «እወጋለሁ!» ብላ ስትጮህ እጁን ወደ ጆሮው ላከና ማዳመጫውን አውልቆ ጄሉ አጠገብ አስቀመጠና ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሻዩን እፍ እያለ ጠጣ።