ያልተፈታው ድጋፍ

«ይኸው፤ አልተሰበረችም» አሉ አባቴ። የቆርቆሮዋን ቁራጭ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ቆልመም አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሷትና መልሰው ጠረጴዛው ላይ ጣሏት። «ስንት ይቀራታል?»

«እሱን ነው የማላውቀው፣ አባባ» አለች እኅቴ። «ማንም አያውቅም።»

«እንግዲያስ ለማታውቂው ነገር ነው እንጀራሽን በገዛ እጅሽ የምትቆርጪው?»

«ስለማላውቀው ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ነገር ሲጠናባቸው ወደ እኔ ይዞራሉ፤ ከእኔ ግን ምንም አይጠብቁም። «ሰማህ? ስለማላውቀው ነው አለች! ሠላሳ ዓመት ቅኔ ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ ተማሪ የለም።»

ቢቸና፣ ቤታችን ውስጥ ነን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ። እናቴ ጓዳ ውስጥ የእኅቴን ስንቅ ታዘጋጃለች፤ የዳቦ ቆሎው ሊጥ በቢላ ሲቆራረጥ እስከ ሳሎን ይሰማል። እኅቴ ነገ ጧት በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ትገባለች፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ባሕር ማዶ ወደ ሥራዋ ትበራለች። ከፊቷ አንድ የደብተር ወረቀት አለ፤ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። ከጧት ጀምሮ የምንጨቃጨቀው ያ ወረቀት አብሯት ይሂድ ወይስ ምድጃ ይግባ በሚለው ነው።

እኅቴ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ናት። የምትሠራው በሰው አገር፣ ያረጁ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከየኩባንያው እየመጡ በሚመረመሩበት ሃንጋር ውስጥ ነው። አባቴ ስትሄድ አኩርፈው ነበር። በኋላ ግን ከማኅሌት ወጥተው ደጀ ሰላም ሲቀመጡ «ልጄ አውሮፕላን ፈትታ ትገጥማለች» ማለት ለመዱ። ሰውም ለመደ። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምሁት፣ ቅኔውንም በሁለተኛው ዓመት ጥዬ የወጣሁት ልጃቸው ፍርድ ቤቱ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ሲጠፋ በዚያው እስክሪብቶ ግጥም እጽፋለሁ። ስለዚህ በቤታችን የሚነገርለት ሰው አንድ ብቻ ነው። እሷም ዘንድሮ ለዕረፍት ስትመጣ ክብደቷ ቀንሶ፣ ዐይኗ ሥር ጠቁሮ፣ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው በየነገሩ ላይ እያፈጠጠች መጣች።

ነገሩን መጀመሪያ የነገረችኝ ሞጣ ነው። ባለፈው ሐሙስ አብሬያት ሄጄ ነበር። እናቴ የሞጣ ልጅ ናት፤ የንስሐ አባታችንም እስካሁን የሞጣው ቄስ ናቸው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሰው ጠይቀን፣ በሚኒባስ ተነሣን። እኅቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ ዐይኗን ከበሩ ማጠፊያ ላይ አላነሣችም። ሾፌሩ በመስታወት አያት።

«እትዬ፣ በሩ አይሸጥም!» አለ።

«መቼ ነው የተበየደው?»

«የትኛው ጊዜ?»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፈለገ ብርሃን ስንደርስ ወርደን ቦታ ተቀያየርን፤ በሩ አጠገብ እኔ ተቀመጥሁ። እስከ ሞጣ ድረስ እኔም ማጠፊያውን ሳይ ሄድሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እሷና ቄሱ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ራቅ ብዬ ቅጥሩ ላይ ሆኜ ጠበቅሁ። ቶሎ አለቀ። የጎረቤት ዶሮ የሰረቀ ሰው እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። መስቀል ተሳልማ መጣችና «እንሂድ» አለችኝ። ወዴት እንደምንሄድ አልነገረችኝም። እግሯ የወሰዳት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ነው፤ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር ወደሚባለው። አሁን ከብት ይግጥበታል። ልጅ ሆና እናቴ ቤተሰብ ጥየቃ ስትወስዳት እዚያ ሜዳ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ ታይ እንደነበር እናቴ ትናገራለች። የመጣ አውሮፕላን ግን አልነበረም።

ሣሩ ላይ ከተቀመጥን በኋላ ከዘይት ጣሳ የተቀደደች ቀጭን ቆርቆሮ አነሣች። ወዲህ አጠፈቻት፣ ወዲያ አጠፈቻት፣ ደጋገመችው። ሳትሰብራት ሰጠችኝ።

«የቱ ጋ ነው?»

«ምኑ?»

«ስንጥቁ።»

ዐይኔ ደህና ነው፤ ሰው ከሩቅ ሲመጣ በአረማመዱ ጉዳዩን የምለይ ነኝ። ቆርቆሮዋ ላይ ግን ምንም አላየሁም።

«የኔ ሥራ ይኸው ነው» አለች። «አውሮፕላን ከፍ ሲል ሆዱ በአየር ይወጠራል፤ ሲወርድ ይመለሳል። ለዐይንህ አይታይህም፤ ብረቱ ግን አንድም አያመልጠው። ዕድሜው በዓመት ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ተነሣ፣ ስንት ጊዜ አረፈ ነው። በየመነሣቱ ይደክማል። ሲደክም ድምፅ የለውም። ሽፋኑን የሚያያይዙት ሚስማሮች ሪቬት ይባላሉ፤ በአንዷ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትጀምራለች፤ ቀስ ብላ ወደ ጎረቤቷ ሪቬት ትሄዳለች። ከሪቬት ሪቬት ከተያያዘች በኋላ ማንም አይደርስባት።»

ለዚህ ነው ሕግ የወጣው። ይህን ያህል ከበረረ በኋላ ይህ ቦታ ይከፈት፤ ሪቬቶቹ እንደ እስክሪብቶ በምትያዝ መሣሪያ አንድ በአንድ ይፈተሹ፤ የተገኘውም ያልተገኘውም በካርድ ይጻፍ፤ ያየው ሰው ይፈርም። እኅቴ የፈረመችባቸው ካርዶች ቢደረደሩ ይህን ቤት ይሞላሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ ምንም አልተገኘም።

«ታውቃለህ» አለች፣ «ሕጉ እኛን ስለማያምነን የወጣ ይመስለኝ ነበር። ስለሚደክመን ነው የወጣው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ከአውሮፕላኑ ኩሽና ጀርባ አንድ የብረት ድጋፍ አለ። ሥሩ ጥቂት ሪቬቶች አሉ። ካርዱ ረድፉን በሙሉ ፈትሹ ይላል፤ ድጋፉን ፍቱ ግን አይልም። መፍታቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው አውሮፕላን ፈታችው፤ ምንም የለም። በሁለተኛውም ፈታችው፤ ምንም የለም። ሦስተኛው ላይ አለቃው ሰዓቱን እያየ ይጠብቅ ነበር፤ መሣሪያዋን እስከ ድጋፉ ጠርዝ ድረስ አስኬደች፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ጀመረች፣ ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ፈትታው አታውቅም። ሦስት ዓመት። ሌሎቹም እንደዚያው ያደርጋሉ፤ ማንም ለማንም አይናገርም።

ለዕረፍት ከመምጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ የአንዱ አውሮፕላን ኩሽና ቧንቧ አፈሰሰ። የሥራ ባልደረባዋ ውኃውን ለማድረቅ ብሎ ድጋፉን ፈታው። ሥሩ ስንጥቅ አገኘ፤ ከአንዷ ሪቬት አልፎ ሁለተኛዋን ይዟል። ቀደም ባለው ካርድ ላይ ያለው የእሷ ፊርማ ነው። አውሮፕላኑ ተጠገነ፣ ሄደ። ውኃ ሲደርቅ በአጋጣሚ ተገኘ ተብሎ ተጻፈ።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ቄሱስ ምን አሉ?»

«የሞተ ሰው አለ ወይ አሉኝ። የለም አልሁ። የተጎዳስ? የለም። እንግዲህ የሐሰት ምስክርነት ነው አሉና አርባ ቀን፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ።» ሣሩን ነጨች። «ጥሩ ሰው ናቸው። ግን ሌላ ቦታስ አለ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።»

በዚያ ማታ ስለ ደከመ ብረት ግጥም ልጀምር ሞክሬ ነበር። አራተኛው ስንኝ ላይ ተውሁት፤ ብረቱን ትቼ ስለ ራሴ መጻፍ ጀምሬ ነበርና። ቆርቆሮዋ ግን ኪሴ ውስጥ ቀረች። እሑድ እስክሪብቶ ሳወጣ አብራ ወጥታ አባቴ እጅ የገባችው እንዲህ ነው።

«ንስሐ ገብተሻል» አሉ አባቴ አሁን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀኖናሽን ተቀብለሻል። እግዚአብሔር የተወውን አንቺ ለቢሮ ልትነግሪ?»

«የተወልኝ የኔን ነው፣ አባባ። አውሮፕላኖቹ ንስሐ አልገቡም።»

ጓዳ ውስጥ እናቴ ሳቋ አመለጣት። የአባቴም ከንፈር ሊከተላት ነበር፤ ያዙት። ስላሳቀቻቸው ይብሱን ተቆጡ።

«ባልንጀሮችሽስ? ካንቺ ፊርማ በላይና በታች ፊርማ የለም?»

«አለ።»

«እነሱን ልታስፈጂያቸው ነው?»

«ስም አልጠራም። ቦታውን ነው የምጠራው። እውነቱ ከታወቀ ካርዱ ላይ አንዲት መስመር ትጨመራለች፤ ‹ድጋፉ ይፈታ› የምትል። ያን ዓይነት አውሮፕላን ባለበት አገር ሁሉ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው፣ ቢደክመውም፣ ሳይፈታ መፈረም አይችልም።»

«አንዲት መስመር።»

«አንዲት መስመር።»

«ለአንዲት መስመር ፈቃድሽን ይነጥቁሻል።»

«ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ላይነጥቁኝም ይችላሉ።»

«ከነጠቁሽ ተመልሰሽ ምን ልትሆኚ ነው? ከዚህ ጋር ማመልከቻ ልትጽፊ?» በአገጫቸው አሳዩኝ። አልከፋኝም። እውነት ለመናገር፣ ወንበሩ ለሁለት አይበቃም ብዬ አስቤያለሁ።

እናቴ ዱቄት የነካ እጇን ከቀሚሷ አርቃ ይዛ ጓዳ በር ላይ ቆመች። «እኔ ብረቱ አልገባኝም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያ ነገሩ ያልተፈታበት አውሮፕላን፣ ሰው ይጭናል?»

«በየቀኑ፣ እማ።»

«ከነገ ወዲያ አንቺ የምትሳፈሪበትስ?»

«ዓይነቱ ያው ከሆነ፣ አዎ።»

እናቴ አባቴን አየቻቸው። ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። የቢላዋ ድምፅ ግን አልተመለሰም።

አባቴ ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። እሑድ ስለሆነ እኅቴ በዚያ ቀን አልሰገደችም፤ እንዲያም ሆኖ ጉልበቷን በእጇ ታሻለች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንብብላቸው።»

ኋላ በእንግሊዝኛ ነው የምታቀርበው። መጀመሪያ በአማርኛ የጻፈችው፣ በእንግሊዝኛ ስጽፈው ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል ብላ ነው። አነበብሁት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ነገር አላዞረችም፣ አላለቀሰችም። ድጋፉ የት እንዳለ፣ ካርዱ ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል ጽፋለች። «በመጨረሻው ምርመራ ጊዜ ድጋፉን ሳልፈታ ሁሉንም ሪቬት እንደፈተሽሁ አድርጌ ፈርሜአለሁ» ትላለች። ካርዱ እንዲስተካከል ትጠይቃለች። ያበቃል።

ስንት ዓመት ለሰው ማመልከቻ ጽፌአለሁ። ባለጉዳይ ሲነግረኝ የቱ ጋ እንደሚዘል ከአነጋገሩ አውቃለሁ፤ አብሬው እዘላለሁ፣ ሥራዬ ነውና። የእኅቴም ወረቀት የቱ ጋ እንደሚዘል ገና ሳልጨርሰው አየሁ። በመጨረሻው ምርመራ ጊዜ ትላለች፤ ሦስት ዓመት አትልም። አንድ አውሮፕላን ነው ያለው፤ ያ ደግሞ ተጠግኗል። ከዚያ በፊት ሳትፈታ የፈረመችባቸው ሌሎቹ ወረቀቱ ላይ የሉም። ካርዱ ቢስተካከል እንኳ እነሱ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ እንደ ነበሩ ይበራሉ።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ቆርቆሮዋን ነበር የምታየው። እንዳየሁባት አውቃለች። ደክሟታል፣ ይህም ይበቃታል፣ ይህ ራሱ ድፍረት ጠይቋታል አልሁ በልቤ። ወረቀቱን መለስሁላት። «ጥሩ ነው፣ እታለም» አልኋት።

አባቴ ሲነበብ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍላቸው እንደሚያደርጉት። ዐይናቸውን ገልጠው ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ መቋሚያቸውን ከማእዘኑ አነሡ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ተማሪዎቹ ጋ።»

በዚያ ሰዓት ተማሪ አልነበረም፤ ሁላችንም እናውቃለን። በሩን ከፍተው መድረኩ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን አላዞሩም።

«ጎዶሎ ነው» አሉ።

እኅቴ ቀና አለች።

«ለእኔ ስትነግሪኝ ሦስት ዓመት ብለሻል። ሲነበብ ሦስት ዓመት የሚል አልሰማሁም።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ አትጻፊ ብያለሁ፤ አሁንም አትጻፊ ነው የምለው። ከጻፍሽ ግን ሙሉውን ጻፊው።»

እኅቴ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው። አባቴ ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።