ውኃ የቀመስኩባቸው አርባ ቀናት

«እምዬ፣ የዚያችን ባለ ረጅም ጆሮ ውሻ ነገር ከሥሩ ይንገሩን» እያሉ የልጅ ልጆቼ ክረምቱን ሙሉ ነዘነዙኝ። በአፌ ስጀምረው መሃል ላይ እጠፋባቸዋለሁ፤ ከውሻዋ ተነሥቼ ስለ አንዲት በቅሎ፣ ከበቅሎዋ ስለ አንድ ሠርግ አወራና ቡችላዋ ሳትደርስ እራት ይደርሳል። «እንግዲያው ይጻፉት» አሉኝ። ትምህርት ቤት የሚባለውን ደጁን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ዳዊት ቀስ እያልኩ እደግማለሁ፤ የፈረንጁን ፊደል ግን አንዱን ከአንዱ አልለይም። ስሕተት ብታገኙ አስተካክሉት እንጂ አትሳቁብኝ።

እኔ ውሻ እፈራለሁ። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ይስቅብኛል፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ያደግሁት ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ባለ ገጠር ነው። የአክስቴ ልጅ፣ መልከ መልካም ጎረምሳ፣ ያበደ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ሽሮ፣ ነገሩ ተረስቶ፣ እሱም ሲያርስ ሰንብቶ አንድ ቀን ከማሳ ገባና «ውኃ አምጪልኝ» አለኝ። በቅል ቀድቼ ሰጠሁት። ቅሉን ወደ አፉ ሲያስጠጋው ጉሮሮው ተናነቀ፣ ቅሉን ከግድግዳው ጋር አላተመው። በሦስተኛው ቀን ከምሰሶ ጋር እንደታሰረ ሞተ። ስምንት ዓመቴ ነበር። የሰጠሁት ውኃ የገደለው እየመሰለኝ ነው ያደግሁት።

ዛዲያ ውሻ ከቤትሽ ምን ገባ ትሉኝ ይሆናል። በልጅ ልጄ ምክንያት ነው የገባው። ወላጆቿ፣ ልጄና ሚስቱ፣ ቡሬ ይሠራሉ፤ የተከራዩት ቤት አንዲት ክፍል ስለሆነች ልጅቷ ፍኖተ ሰላም ከእኔ ዘንድ ሆና ትማር ነበር። ያን ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከፊቷ ያለውን ባሕር ዛፍ መብረቅ ሰነጠቀው፤ ከሥሩ የታሰረችውንም ላም ጣላት። ልጅቷን አልነካትም። ከዚያ ወዲህ ግን ድምፅዋ ጠፋ፤ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ቀራት። በዘጠኝ ዓመቷ መኝታዋን ማርጠብ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት አንሶላዋን ራሷ አጥባ ከጓሮ አጥር ላይ ታሰጣና ዓይኔን ሳታይ ትወጣለች። ጠበል ወሰድኳት፣ ግሽ ዓባይ ድረስ። ሐኪሙም አያት፤ «ድንጋጤ ነው፣ የሚያጽናናት ነገር ፈልጉላት» አለ። አባቷ ታዲያ የሥራ ባልደረባው ውሻ መውለዷን አስታወሰ።

በሐምሌ ቡሬ ሄድን። ሰውዬው ከአዲስ አበባ ለፋብሪካ ሥራ የመጣ መሐንዲስ ነው። እናቲቱ ውሻ ቡናማና ነጭ ናት፤ ጆሮዋ ከአገጯ በታች የወረደ፣ ጠጉሩም የተጠቀለለ። «ዘሯ ስፓኒየል ይባላል» አለኝ። እኔ ከበሩ አላለፍኩም።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ አትነካዎትም።»

«እዚህ ይሻለኛል ልጄ፣ አየሩ ደስ ይላል» አልኩት፣ ዝናቡ ጀርባዬን እየወቀረኝ።

ቡችሎቹ ሦስት ናቸው። በእኛ አገር ቡችላ የሚመረጠው በማጅራቱ ተንጠልጥሎ ነው፤ ያልጮኸው ይወሰዳል። እኔ የሚጮኸውንም የማይጮኸውንም አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት ጥርስ የሌለውን ነበር። ሁለቱ የልጄን የጫማ ማሰሪያ እየጎተቱ ይንከባለላሉ። ልጅቷ ግን እነሱን ትታ ከወንበር ሥር አጎነበሰች። ሦስተኛዋ እዚያ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ልጅቷ እጇን ብትዘረጋላት ከድንጋጤዋ ብዛት እዚያው ሸናች።

«አባዬ፣ ይቺን።»

«ይቺማ ፈሪ ናት! ሌባ ሲመጣ ቀድማ ከአልጋ ሥር የምትገባ።»

«እሷን ነው የምፈልገው። እሷም እንደ እኔ ናት።»

ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። ከመብረቁ ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር መስማታችን ነበር። እንባዬን ለመደበቅ «ሴት ናት እኮ! የሰፈሩን ወንድ ውሻ ሁሉ ደጄ ላይ ልታቆሙብኝ ነው?» አልኩ። አባቷም ሳቀና፣ ወዲያው ፊቱን አጠቆረ። «ልብ በይ፣ አያትሽ ውሻ ይፈራሉ። አንድ ሰው የነከሰች ዕለት አታድርም» አላት። እሷም «እሺ» አለች፣ ቡችላዋን ሹራቧ ውስጥ ከትታ።

መሐንዲሱ ምክሩን ለእኔ ሰጠ። «ስትነቃ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ተጫውታ ስታበቃ ወዲያው ወደ ውጭ ያውጧት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ሣር ላይ። ሣሩን ከለመደች ሌላ ቦታ አትሸናም። ብትሳሳት አይምቷት።» ቢጫ ካርድም አስጨበጠኝ። «የእሷ ናት፣ አትጥፋብዎ» ሲል ስልኩ ጠራ፣ እያወራ ወደ ውስጥ ገባ፣ መኪናም ደረሰብን። ካርዷ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደልና ማኅተም ነው። የዘር ሐረጓ መሰለኝ። የውሻ ወረቀት ከዳዊቴ ጋር አይቀመጥ ብዬ፣ ቤት እንደገባን ከራስጌዬ ባለው ሣጥን፣ ለከፈኔ ካኖርኳት ነጠላ ሥር ከተትኳት።

ማስለመዱ ልብ ያወልቃል። ዝናቡ አያባራም፤ ልጅቷ ቡችላዋን ታቅፋ ከፓፓያው ሥር ባለው ሣር ላይ ትቆማለች፣ እኔ ከበረንዳ ሆኜ ጃንጥላ እዘረጋለሁ። ቡችላዋ ሣሩን ታሸታለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ ወደ ቤት ሮጣ ገብታ ከመሃል ወለል ላይ ትለቀዋለች። እኔ ደግሞ ሽታውን ላጥፋ ብዬ ወለሉን ወዲያው በትኩስ እበት እለቀልቃለሁ። እንዲህ ስንል ሁለት ሳምንት አለቀ። እሷ ታረጥባለች፣ እኔ እለቀልቃለሁ፣ እሷ እንደገና ታረጥባለች። አንድ ቀን ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ «እምዬ፣ ቤታችን ሜዳ ሜዳ ይሸታል እኮ፤ ውጭ ያለች መስሏት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እበቱን ትቼ በአመድና በሳሙና ማጠብ ስጀምር፣ ያቺ ፈሪ በራሷ ጊዜ በሩን መጫር ጀመረች። ልጅቷም «በርቺ የኔ እመቤት፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን፣ ይለቀናል» እያለች ከፓፓያው ሥር ታባብላት ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ከጓሮው አጥር ላይ የተሰጣ አንሶላ ማየት አቆምኩ። እኔም ቡችላዋን በጋቢ ጠቅልዬ ለመያዝ በቃሁ፤ በባዶ እጄ ግን አልደፈርኩም።

እንቁጣጣሽ መጣ፤ በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ። እንደ ወጉ ወለሉን በቄጤማ ጎዘጎዝኩት። ሣር ላይ ብቻ እንድትሸና አስለምጃት፣ ቤቴን በሣር ሞላሁት ማለት ነው! ይህ ግን በዚያች ሰዓት አልታየኝም። የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ፣ ቡችላዋ ከመሃል ቤት ቄጤማውን አሽታ፣ ዞር ዞር ብላ፣ ተቀመጠች። «ኧረ በማርያም!» ብዬ ዘልዬ ከኋላዋ በባዶ እጄ አፈፍ አደረግኋት። ደነገጠች፤ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ።

አባ ከደጃፉ ሆነው ቄጤማውን አዩትና፣ «እንግዲህ ለእኔ የተጎዘጎዘውን ሌላ እንግዳ ቀደመኝ» ብለው ሳቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ደሙ የሚንጠባጠበውን እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ በሌላው ቡችላዋን ለልጅቷ አቀብዬ፣ መስቀል ተሳለምኩ። ጓዳ ገብቼ በሳሙናና በአረቄ አጠብኩት። ያን ዕለት የበላሁት አልጣመኝም፤ ዓይኔ የነበረው የውኃው እንስራ ላይ ነው።

በማግሥቱ ቡችላዋ ከአልጋ ሥር አልወጣም አለች። ምራቋ ይዝረከረካል። ልጅቷ ውኃ አቀረበችላት፤ ወደ ውኃው ትጠጋለች፣ አፏን ታስነካለች፣ ትሰቀቃለች፣ ትሸሻለች። ያ ቅል፣ ያ ጉሮሮ፣ ያ ምሰሶ ፊቴ ላይ ተደቀነ። አልሸናችም። የቤቱን ጥግ ሁሉ እየዞርኩ እርጥብ ፈለግሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስጠላው የከረምኩትን ሽንት አምላኬን ለመንኩት። ለልጅቷ ግን «ብርድ ነው» አልኳት። ሐኪም ቤት ብሄድ «ውሻዋን አምጡ» ይላሉ፤ ለልጄ ብናገር ውሻዋ አታድርም፤ ልጅቷስ? አንሶላው ወደ አጥሩ ሲመለስ፣ ድምፅዋ ሲጠፋ ታየኝ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ፤ ውሻ ጥርሱን ቢያስነካችሁ ቶሎ ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። እኔ ፍርሃቴ አሰረኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጄ በዓሉን ሊጠይቀን ከቡሬ መጣ። ገና ሰላም ሳይለን ምራቋን አየ።

«እናቴ፣ ይቺ ውሻ ምን ሆናለች?»

«ትንሽ አሟታል።»

«ውኃ ትጠጣለች?»

ሳህኗን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረግሁት።

«ሰው ነክሳለች? እናቴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ሰው ነክሳለች?»

ልጅቷ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ታየኛለች። ከንፈሯ እንደዚያ እንደ ሰኔው ገርጥቷል። አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ «አልነከሰችም» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውሸት አልዋሸሁም። አባቷ ግን አላመነኝም፤ «አንቺ፣ ወደዚያ ራቂ» ብሎ ልጅቷን ገፋ አደረገና፣ የጎረቤቱን ገመድና ዱላ ሊያመጣ ወጣ።

እሱ አጥሩን ሳይሻገር፣ እኔም አፌን ሳልከፍት፣ ልጅቷ በሆዷ ተኝታ አልጋው ሥር ገባች። «ነይ የኔ ፈሪ፣ አሳዪኝ እስቲ» ስትል ይሰማኛል። «ውጪ! ልጄ ውጪ!» ልል ፈለግሁ፤ ድምፄ የለም። አሁን የዋሸሁት ውሸት ልጅቷን ሊገድላት ነው አልኩ በልቤ። እግሯን ይዤ ስጎትት፣ አንድ እጇ የቡችላዋን መንጋጋ ከፍቶ፣ ሌላው እስከ አንጓው አፏ ውስጥ ገብቶ አየሁት።

«እምዬ፣ አጥንት ነው! ላንቃዋ ላይ ተጋድሟል!»

ብድግ ስትል በጣቶቿ መሃል የበጉ ጎድን ስባሪ ይዛለች። እንግዶቹ ከማዕዱ የጣሉት ነው። ቡችላዋ እየተንገዳገደች ወጣች፣ ሳህኑን ውኃ ልሳ ልሳ አደረቀችው፣ ሌላ ተጨመረላት፣ እሱንም ጨረሰች። ቀጥሎ የደረቀው ቄጤማ ላይ ሄዳ፣ ዞር ዞር ብላ፣ ተቀመጠች። ያን ጊዜ እልል አልኩ። ልጄ ገመዱን ይዞ ሲገባ፣ በውሻ ሽንት ፊት ቆሜ እልል ስል አገኘኝ።

«እናቴ፣ ጤና የለዎትም እንዴ?»

«ጠጣች፣ ልጄ! ጠጣች!»

አጥንቱን ሲያይ ዱላውን ከደጅ አስቀመጠ። ስለ አውራ ጣቴ ግን ለእሱም ለማንም አልተናገርኩም። አጥንቱ ምራቁን ፈታው እንጂ ልቤን አልፈታውም፤ የአክስቴ ልጅም ሲያርስ ሰንብቶ ነው የሞተው። አሁን ደግሞ ልጅቷም እጇን ቡችላዋ አፍ ውስጥ ከትታለች። «የውሻ መርዝ በአርባ ቀኑ ይነሣል» ሲባል ሰምቼ አርባ ቀን ቆጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ከጸሎቴ በፊት አንዲት ብርጭቆ ውኃ ቀድቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉሮሮዬ እምቢ ይል እንደሆነ እቀምሳለሁ። ከዚያ ልጅቷ ለትምህርት ስትነሣ አጠገቧ ቆሜ ውኃ አጠጣታለሁ፤ ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ። «እምዬ፣ ምነው ውኃ አበዙብኝ? ክፍል ውስጥ ውጪ ውጪ ይለኛል እኮ» ትለኝ ነበር። ቡችላዋ በሩን ስትጭር ልጅቷ ትከፍትላታለች፤ እኔ ደግሞ በረንዳው ላይ ቆሜ ከፓፓያው ሥር መሽናቷን አይቼ እመለሳለሁ። በአርባ አንደኛው ቀን ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናገርኩ። ለልጄ ስነግረው ግን ዓመት አልፎ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም።

ዘንድሮ ሣጥኔን ብል በላው ብለን ከፈትነው። ልጅቷ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ውሻዋም ወፍራ ከእግሯ ሥር ተኝታለች። ነጠላዋን ስናራግፍ ቢጫዋ ካርድ ወደቀች። «የዘር ሐረጓ ናት፣ አስቀምጪያት» አልኳት። አንሥታ ገለጠቻት፣ አንድ ጊዜ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። «እምዬ፣ የዘር ሐረግ አይደለም» አለችኝ። የውሻ እብደት መከላከያ ክትባት ካርድ ነው፤ ቡሬ ሄደን ከመውሰዳችን አንድ ወር ቀደም ብሎ ተወግታ ማኅተም ተመትቶበታል።