ሸንበቆ ያደረባት ከተማ

ሸንበቆ ይሉታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው የሚመስል ልብስ ሰፊ ነው። ስለ ልብስ ሰፊ ደግሞ ከኔ የበለጠ የሚያወራ ካለ ይምጣና እንተያይ! ፊደል ባልቆጥርም ስንቱን ሰፊ አይቻለሁ። አንዱማ የሰፋልኝ ኮት አንድ እጅጌው ረዝሞ ብቆጣው፣ "ጋሼ፣ ክንድዎ ነው የተበላለጠው" ብሎኝ እርፍ! ሸንበቆ እንዲህ አይደለም፤ ሰው በሩቅ አይቶ ልኩን ይናገራል። ጉራውም የዚያኑ ያህል ነው። "ጎበዝ" ካሉት ቤቱ ቢቃጠል ዞር አይልም።

እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ነው የሚላት። መርፌ አያያዝ ያስተማረችውም እሷው ናት። አንድ ቀን ጠዋት ልጇ ደወለችለት።

"አጎቴ፣ እማዬ በጣም ደክማለች። የምነግረው አለኝ፣ ቶሎ ጥሩልኝ እያለች ነው።"

ሱቁን ቆልፎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ምን ዋጋ አለው! ሰው ያስባል፣ ሞተር ያስቀራል። ዘመድ እንኳ የሌለባት፣ እግሩ ረግጧት የማያውቅ ከተማ መግቢያ ላይ አውቶቡሱ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ አስሎ ቀጥ አለ። ረዳቱ እጁን በግሪስ ለውሶ መጣ።

"ወገን፣ መለዋወጫው የሚመጣው ነገ ነው። እዚሁ ማደር ነው።"

ተሳፋሪው እያጉረመረመ አልቤርጎ ገባ። የሸንበቆ ክፍል አልጋው አጭር ነው፤ እግሩን ቢዘረጋ ግድግዳ፣ ቢያጥፍ ጉልበቱ አፍንጫው ጋ። መቀመጥም አቃተው። ወጣና ረዳቱን፣ "ልጄ፣ ወደዚያ የሚያልፍ መኪና ካገኘህ፣ ጭነት ላይም ቢሆን እወጣለሁ" ብሎ ለመነው።

ከአልቤርጎው ጎን አንዲት ሴት ሱቋ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰ አስመርሯታል። ሁለት ደንበኞች ቀሚሳቸውን ሊወስዱ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሸንበቆ ይህን አይቶ ሊያልፍ?

"እስቲ ዞር በይ፣ የኔ እህት።"

የስፌት መኪናዋን ሆድ ከፍቶ ብረቱን በተራ ጨርቅ ላይ ደረደረው።

"ወይ እጅ! ምነው እርስዎን ቀድመን ባገኘንዎ!" አለች አንዷ ደንበኛ።

"ገና ምን አየሽ!"

ይሄኔ ረዳቱ እየሮጠ መጣ። "አባባ! ሲሚንቶ የጫነ መኪና አገኘሁልዎ። ጋቢና አንድ ቦታ አለው፣ ማምሻውን ያደርስዎታል። ቶሎ!"

"መጣሁ፣ ይህችን ልግጠም።"

"ይሂዱ እንጂ ጋሼ፣ እኔው እገጥመዋለሁ" አለች ባለሱቋ።

"እኔ የፈታሁትን ሌላ ሰው አይገጥመውም!"

እርግጥ ነው፣ በሰፊዎች ዘንድ የሰው የስፌት መኪና ፈትቶ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ገጠመውና ረገጠው፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድበትም፣ ሲሚንቶ የጫነውም ገና ጥሩምባውን እየነፋ ይጠብቀው ነበር። ግን ያቺ ደንበኛ ቀሚሷን ዘረጋችና፣ "ይህችን ጠርዝ በእርስዎ እጅ ትሰፋልኝ፣ መታሰቢያ ትሁነኝ" አለችው። ሸንበቆ ተቀመጠ። ጠርዙን ሰፋ፣ ሲያመሰግኑት ሌላውንም ጠርዝ ሰፋ። ቀና ሲል ረዳቱ በር ላይ ብቻውን ቆሟል።

"ሾፌሩ ሰለቸው፣ አባባ። ሄደ።"

"ግድ የለም" አለ፣ ፊቱ ግን ጠቆረ። "እትዬ ብረት ናት። ነገ እደርሳለሁ።"

በማግስቱ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የእህቱ ልጅ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"ማታውን ሁሉ ዓይኗ በር በሩን ሲያይ ነበር፣ አጎቴ። ሰው በገባ ቁጥር 'መጣ?' ትላለች። ሊነጋ ሲል አረፈች።"

"ምን ልትለኝ ነበር?"

"ጠየቅኳት እኮ። 'ለሱ ነው የምነግረው' አለችኝ።"

ሸንበቆ ግድግዳ ተደግፎ፣ "አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸብን" አላት። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ፣ "ትናንት የሚያመጣህ ሌላ መኪና አልነበረም?" አለችው።

"አልነበረም።"

አመነችው። ለገባው ለቀስተኛ ሁሉ፣ "ምስኪን አጎቴ፣ መኪና አጥቶ መንገድ ላይ አደረ" እያለች ትናገርለታለች። ሰዉም አጠገቡ እየተቀመጠ፣ "አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ!" ይለዋል። ያ ሙገሳ የማይጠግብ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" እያለ፣ ለእያንዳንዱ ይመልሳል።