በበዓለ ሃምሳ የጾመ እንግዳ

ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ የተነሣነው ሰኞ ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ከቆርቆሮው ላይ ሳይነሣ ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ነው። እኔ አስካለ፣ በዚህች ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ያረጀሁ ሴት፣ ይህን መንገድ በእግሬም በመኪናም ስመላለስበት ኖሬአለሁ። እንደዚያ ሰኞ ግን ልቤ የዘለለበት ቀን አላስታውስም። አብሮኝ የሚሄደው ተከራዬ ሙሴ ነበር፤ ጉዳያችንም የሙሴ ጆሮ።

ሙሴ ኡጋንዳዊ ነው። የአንኮበርን ወፎች ሊያጠና መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ከተከራየ ዓመት አልፎታል። ፓስፖርቱ ላይ ሞሰስ ነው፤ እኛ ሙሴ አልነው፣ እሱም ወደደው። አማርኛው እየተንገዳገደም ቢሆን ይራመዳል። ሥራው መስማት ነው። ጫካ ይገባና ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ «ይቺ ሴቷ ናት፣ ያ ወንዱ ነው» ይለኛል። እኔ ሁሉም ጭር ጭር ነው የሚመስለኝ። ቀኝ ጆሮው ታዲያ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። ይህን ሁሉ የሚሠራው በግራው ብቻ ነው፤ ያ ግራ ጆሮው መምገል ጀመረ።

ሐኪም ፍለጋው ያሳየንን አበሳ አልነግራችሁም። የጤና ጣቢያው ጠብታ አልበጀውም። ደብረ ብርሃን ያየው ሐኪም በመብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀና «ከታምቡሩ ጀርባ የበቀለ ነገር አጥንቱን እየበላው ነው። የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ቶሎ ካላወጣለት ይህም ጆሮ ይሄዳል» አለን። አዲስ አበባ ብንደውል ቀጠሮው ከክረምት ወዲያ ነው። አገሬ ልሂድ እንዳይል ራሱን ያዞረዋል፤ እንዲህ ሆኖ አውሮፕላን አትሳፈር ብለውታል። በሰው አገር መታመም ክፉ ነው! ሙሴ ክፍሉ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ስፔሻሊስት ሲፈልግ ይውላል፤ እኔ ደግሞ በእኛ ዘዴ፣ ገበያውንም ለቅሶ ቤቱንም «የአንገት በላይ ሐኪም የምታውቁ» እያልኩ አዳርሳለሁ።

በመጨረሻ የኔ ዘዴ አሸነፈ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ቅዳሜ ደወለች። «አክስቴ፣ ስፔሻሊስቱ ከአዲስ አበባ መጥቷል! ሰኞ ሙሴን አስገብቼዋለሁ። ማክሰኞ ግን ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አደራ! ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ በአፉ እንዳይዞር። በማደንዘዣ አስተኝተው ነው የሚሠሩለት፤ ከበላ አይነኩትም።»

እኔም በደስታ ዘልዬ «ይቺ ናት እንዴ ጭንቅሽ? ይቺማ ቀላል ናት!» አልኳት። ቀላል አልኩ እኔ ሞኟ!

ከግቢያችን እስከ መኪናው

በራችንን ከፍተን ስንወጣ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ በቅቤ ያበደ ጭኮ በሳህን ይዛ ቆማለች።

«ባዶ ሆዱን ልታስኬጂው ነው? አንቺ ሴት፣ ጤናም የለሽ?»

«ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው፤ እንዳይበላ ተብሏል።»

«ሊቀደድ ነው?» አለች ደረቷን ይዛ። «ያውም ሊቀደድ! ታዲያ አቅሙን ከየት ያምጣው? በይ ዞር በይ፤ ሙሴ ልጄ፣ በሞቴ አንዲት ብቻ!»

እውነቱን መናገር ነገሩን እንደሚያብሰው ያኔ ገባኝ። ሊታከም ነው ሲባል አንድ ጉርሻ፣ ሊቀደድ ነው ሲባል ሦስት ጉርሻ! ሙሴ ደግሞ እንቢ ማለት አልፈጠረበትም፤ «በሞቴ» ሲባል ሴትዮዋ እውነት የምትሞት ይመስል ይደነግጣል። በመሀላቸው ገብቼ ጭኮውን ከነሳህኑ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መኪናው ጋ እስክንደርስ ቦርሳዬ ዳቦና ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልም ጨምሮ ነበር። ሠርግ የምንሄድ ነው የምንመስለው።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሞላና ዳገቱን ተያያዝነው። ቁንዲ ተራራ ጋ ስንደርስ ጭጋጉ ተገለጠ፤ በስተምሥራቅ ቆላው እስከ አዋሽ በረሃ ድረስ ተዘርግቶ ታየ። ሜዳው ላይ የበልግ ገብስ አረንጓዴ ሆኗል፤ በጎች እንደተበተነ ጥጥ ይታያሉ። ሙሴ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ «እትዬ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ያምራል!» ይለኛል። እኔም እንደ ልጅ ፈንድቄአለሁ።

ወዲያው ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ዳቦ ቆርሳ ማደል ጀመረች። መቼም በመኪና ብቻውን የሚበላ የለም፤ ለሁሉም ደረሰ። ለሙሴም እጇ ተዘረጋ። እውነቱን ብናገር ምን እንደሚመጣ ስላየሁ ዋሸሁ።

«ጾመኛ ነው» አልኩ።

መኪናው ተናወጠ ብል እመኑኝ።

«በሃምሳው?» አለች ሴትዮዋ።

ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከፊት ዞሩ። «ልጄ፣ ፋሲካ ተፈስኮ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። አንቺ ሰኞን ከየት አመጣሽው? በበዓለ ሃምሳ መጾም ያስወቅሳል እንጂ አያስመሰግንም!»

ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሴትዮ እንደ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ። የዳቦው እጅ ወደ ሙሴ አፍ ሲጠጋ ከጥግ በኩል አንድ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ። ሐጂ ኡመር ናቸው፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ እቃ ሊያመጡ ደብረ ብርሃን የሚሄዱ።

«ዛሬ ሰኞ አይደለም?» አሉ። «ሰኞና ሐሙስ መጾም በእኛ ሱና ነው። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ልጁ ከእኔ ጋር ነው።»

«ይቅርታ ሐጂ፣ አላወቅንም» አለች ሴትዮዋ፤ ለጾመኛ ክብር ብላ የራሷንም ዳቦ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ሙሴ ወደ ሐጂ ጠጋ ብሎ «ሐጂ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አላቸው።

«አውቃለሁ፤ መስቀልህ ከሸሚዝህ ወጥቶ ይታያል። አስገባውና ዝም ብለህ ጹም!»

ሳቄን ለማፈን በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ኋላ ስንወርድ ባመሰግናቸው «የቱ ጋ ዋሸሁ? እኔ ጾመኛ ነኝ አልኩ፤ ልጁም አጠገቤ ነው። አላህ ያሽረው» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ያስጨነቀን አንድ ኬላ ብቻ ነው። ወርደን ተፈተሽን፤ የሙሴን ፓስፖርት ያየው ወታደር አገላብጦ አገላብጦ «ወዴት ነው?» አለ። «ጆሮውን ሊታከም ነው» አልኩት። «እግዜር ይማርህ» ብሎ መለሰለት፤ እኔም ደግነቱ ይሄ የሚበላ ነገር አልያዘም ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በቁር ተቀበለችን። ነፋሱ አጥንት ይገባል፤ ብርድ ልብስ ሻጮቹ እንኳ የሚሸጡትን ተከናንበዋል። ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ደረስን። ትዕግሥት በር ላይ ስትጠብቀን ነበር፤ የመጀመሪያ ቃሏም «በላ?» የሚል ነው።

«ውሃም አልነካም!» አልኳት በኩራት።

ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ሙሴን አስቀምጠን ካርዱን ልንጨርስ ሄድን። እዚያው አጠገቡ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ዘውዴ ትባላለች። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የምትኖር ገበሬ ናት። ልጇ ያን ጠዋት ቶንሲሏን ተሠርታ ተኝታለች። ሆስፒታል የገባ ሰው ያጎርሳል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ያ ነው ስሕተቴ።

ስንመለስ የሙሴ ግራ ጉንጭ አብጧል።

«ሙሴ!» ብዬ ስጮህ ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። ልክ በዚያችው ቅጽበት በሩ ተከፍቶ አንዲት ነርስ ስሙን ጠራች። ትዕግሥት ፊቷ አመድ መሰለ። «በላ! አለቀ በቃ!» አለች። እኔ እዚያው ግድግዳውን ያዝኩ። ያቺ አንድ ጆሮ፣ ያ ሁሉ ፍለጋ፣ በአንድ ጉርሻ ልትሄድ ነው!

ሙሴ ግን ራሱን በኃይል ይነቀንቃል። መናገር አልቻለም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ በጣቱ ወደ ጉንጩ ያሳየናል። አፉን ሲከፍት፣ ዳቦው እንደተጎረሰ አለ። አላኘከውም፣ አልዋጠውም። እንቢ ማለትም መዋጥም አቅቶት ጉንጩ ውስጥ ደብቆ ተቀምጧል!

ዘውዴ ግራ ገብቷት ታየናለች። ጉዳዩን ስነግራት በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ወይኔ ልጄን! ልገድለው ነበር!» አለችና መዳፏን አፉ ሥር ዘረጋች። «ትፋው።»

ሙሴ አፈረ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በእናት እጅ ላይ እንዴት ይተፋል?

«ትፋው እላለሁ! ይሄ እጅ ስንት ልጅ አሳድጓል፤ ምን ያልነካው አለ?»

ተፋው። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ያዘችው። ነርሷ አፉን በባትሪ መረመረች፤ ከዚያ ስፔሻሊስቱ ራሱ ጭምብሉን እንዳደረገ ወጣ።

«ውጦታል?»

«አልዋጠም ጌታዬ» አለች ዘውዴ ቀድማን፣ ነጠላዋን ፈትታ እያሳየችው። «ያጎረስኩት እኔ ነኝ፤ ልኩን አውቀዋለሁ። ፍርፋሪም አልጎደለ።»

ሐኪሙ ዳቦውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ሳቁ ከጭምብሉ ሥር ተሰማ። «እንዲህ ያለ ምስክር ካለስ» አለ። ወዲያው ግን ኮስተር ብሎ «ለጥንቃቄ መጨረሻ ይግባ፤ ጊዜ ከተረፈን» አለን።

ጊዜ ከተረፈን! ከዚያ ወዲህ ያለውን ጥበቃ ጠላቴም አይጠብቀው። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ ሙሴ ጉልበቱን አቅፎ በሩን ያያል። ዘውዴ ልጇን አየት አድርጋ ተመልሳ አጠገቤ ትቀመጣለች።

«እህቴ፣ ተቀየምሽኝ?» አለችኝ።

ተቀይሜያት ነበር፤ አልዋሽም።

«ብቻውን ተቀምጦ፣ አገሩ እንዳልሆነ ፊቱ ይናገራል» አለች። «እኔም አገሬን ትቼ ስመጣ መንገድ ላይ ታምሜ ነበር። ሕመሙ አይደለም የከፋኝ፤ ብዪ የሚለኝ ሰው መጥፋቱ ነው። እሱ እንዳይከፋው ብዬ ነው።»

ቅያሜዬ ከየት መጣ ወዴት ሄደ ሳልል እጇን ያዝኩት። ያቺ ዳቦ ምሳዋ እንደነበረች ትዕግሥት ነገረችኝ፤ ቦርሳዬን ከነጭኮው፣ ከነእንቁላሉ ለእሷና ለልጇ ሰጠሁ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የሙሴ ስም ተጠራ። ገባ! ሐኪሙ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ሁሉንም አውጥተነዋል። አጥንቱ ተጎድቷል፤ የቻልኩትን ጠግኛለሁ። ጆሮው በጥጥ ተጠቅጥቋል፤ መስማቱን ግን ጊዜ ነው የሚናገረው» አለን። ግማሽ ደስታ፣ ግማሽ ጭንቀት ይዘን አደርን።

መልስ ጉዞ

ሙሴ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ ጎረቤላ ሲገባ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ!» ይሉታል፤ እሱ ግን ምንም አይሰማም። አንዱ ጆሮ ድሮም የለ፣ ሌላው ተደፍኗል። አፍ አፋችንን እያየ ይስቃል፤ ብቻውን ሲሆን አይስቅም። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥቶ ዛፉን ሲያይ ሆዴ ይባባል።

ፋሻው የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ደግመን ደብረ ብርሃን ሄድን። ጥጡ ወጣ። መጀመሪያ በመብራት ያየው ያ የደብረ ብርሃን ሐኪም የሚያቃጭል ብረት መትቶ ጆሮው ጋ አቀረበ። ሙሴ ጥርጥር በሞላበት ፊት «ትንሽ… እንጃ» አለ። «አትቸኩሉ፤ ቀስ እያለ ሊመጣ ይችላል» አለን። ሊመጣ ይችላል ማለት ላይመጣም ይችላል ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ጉዞው ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ስፔሻሊስት ማግኘት ግማሽ መንገድ ነው፤ ግማሹ በሽተኛውን እንደታዘዘው አድርጎ ማድረስ ነው። የእኛን ሰው ደግሞ አታጉርስ ብሎ መከልከል አይሆንም። ቀን መስጠት ነው። «ሲድን ይዘሽ ነይ» ብትሏት ጥሩወርቅ እንኳ ትሰማለች። እኔ ይህን ያወቅሁት ቦርሳዬ ከሞላ በኋላ ነው።

ፋሻው በወጣበት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ደርሰን አረፍ ሳንል ጠያቂው ጎረፈ። መቼም የእኛን ጨዋታ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ተናጋሪ ነው፣ አድማጭ የለም። አንዱ ስለ ገብሱ፣ አንዱ ስለ መንገዱ፣ ጥሩወርቅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጮሃለች። ሙሴ የቀረበለትን ሳህን ይዞ ጥግ ተቀምጦ እንደ ሰሞኑ አፍ አፋችንን ያያል። በድንገት ቀና አለ። ሳህኑን አስቀመጠና እጁን አነሣ።

«እትዬ» አለኝ። «በር ይንኳኳል።»

«ማንም አላንኳኳ ልጄ።»

«ይንኳኳል።»

ሁሉም ዝም አለ። እኛ ምንም አልሰማንም። ደግሞ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ የውጪው በር ኳ ኳ አለ።

በሩጫ ወጥቼ ከፈትኩ። ከማዶ ሰፈር የመጣች ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እጄ ዝሎ ልመለስ ነበር እኮ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንም አልሰማኝም?» ብላ ተቆጣች።

እኔ እዚያው ደጅ ላይ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

«ምን ሆነሻል አስካለ?»

«ሰምቶሻል!» አልኳት አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ። «ከሁላችን ቀድሞ ሙሴ ነው የሰማሽ!»