ፓርሲ የቀመስኩ ለት

ከዚህ በፊት ከደብዳቤ ሰላምታ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ግን ወላይታ ያላችሁ ዘመዶቼ «ጂንካ ሄዳ ጠላ ቤት ገባች» መባሌን እንደሰማችሁ ስለነገሩኝ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ራሴ ላውራችሁ ብዬ ነው።

የወጣሁ ለት ዶሮ ገና አልጮኸም። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ አባቴ ታስሮ፣ አሁን ደግሞ ካድሬዎቹ የኛን የመዘምራኑን ስም እየጻፉ ነው ሲባል፣ እናቴ ጨው በጫነ መኪና ላይ አሳፈረችኝ። የቋጠረችልኝ ቆጮ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ጂንካ ዝናቡ እንደኛው አገር ነው፤ ሰዉ ግን በስንት ቋንቋ ያወራል! እኔ በአማርኛዬ አፈርኩ።

ያስጠጉኝ እትዬ ብርቄ ናቸው። ሱቃቸው ከፊት ጨውና ሳሙና፣ ከመጋረጃው ጀርባ መጠጥ ነው። እኔ መጠጥ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጌሾ የበዛበት ጥቁር ጠላ አለ፤ የበቆሎ ቦርዴ አለ፤ መኪና ሲገባ ብቻ የሚገኝ፣ በእርጥብ ጆንያ የሚጠቀለል የጠርሙስ ቢራ አለ። ከሁሉ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት የሐመር ሴት ከዲመካ በትልልቅ ቅል የምታመጣው ፓርሲ! የማሽላ ነው፣ ወፍራም፤ ሽታው ገና ከደጅ ይጣራል።

እኔ እቀዳለሁ እንጂ አልቀምስም፤ ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ። መጠጥ ደግሞ የቀዳው ሰው ሳይቀምሰው ለእንግዳ አይሰጥም። እትዬ ብርቄ ገብቷቸው እሳቸው ይቀምሱልኝ ነበር። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀመንበር ገቡና ተቀመጡ።

«መሸኛሽ የታለ?»

«ከገበሬ ማኅበሩ ይላካል ተብሏል፣ ጓድ።»

«በእግሩ ነው የሚመጣው? ሁለት ወር ሙሉ!»

እትዬ ብርቄ ጣልቃ ገቡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በዚህ መንገድ እንኳን ወረቀት መኪናውስ መች ደረሰ?»

ሊቀመንበሩ አልሳቁም። «ከዚያ አገር የሸሹ ጴንጤዎች አሉ ተብለናል። የተገኘ በጥበቃ ወደመጣበት ይመለሳል።»

«ጴንጤ መጠጥ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ይህቺ ልጅ ስትቀምስ ያየ ሰው የለም።» ወደኔ ዞሩ። «ፓርሲ ቅጂልኝ። ቀምሰሽ ስጪኝ።»

ቀድቼ ሳበቃ እትዬ ብርቄ ሊቀምሱልኝ እጃቸውን ወደ ቅሉ ሰደዱ።

«እርስዎ ይተዉት፣ እትዬ ብርቄ። እሷ ናት የቀዳችው።»

ቅሉን ወደ አፌ አቀረብኩት። ከተመለስኩ እስር ቤት ነኝ፤ የኔ መያዝ ደግሞ ለአባቴ ሌላ ጥፋት ሆኖ ይቆጠርበታል። አባቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁትና ተጎነጨሁ።

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ። እንደ ቆጯችን ኮምጠጥ ይላል፤ ቀጥሎ የተቆላ እህል ጣዕም ይመጣል፤ ሆዴን ሞቅ አደረገኝ። አንዴ መቅመስ ሲበቃኝ ደገምኩ።

ቀና ስል ሁለቱም ትክ ብለው ያዩኛል። እትዬ ብርቄ አመድ መስለዋል። ያኔ ነው የነቃሁት፦ ከመጠጣቴ በፊት፣ ለምግብ እንደማደርገው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አመስግኛለሁ። ለካ «አሜን»ም ብያለሁ።

ሊቀመንበሩ ቅሉን ከእጄ ወሰዱ። በሩን አየት አደረጉ። ከዚያ ሳያቋርጡ ጨለጡት፤ ጢማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ተነሡ። አጠገቤ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ መጸለይ ልመጂ።»