ራሚ አለመቻሌን ያስመሰከርኩበት እሑድ

ከተክለ ሃይማኖት እስከ መሳለሚያ በራሚ እኔን የሚረታ ሰው ገና አልተወለደም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ሳሎን ውስጥ ካርታ ዘርግታ፣ «አባዬ፣ ራሚ ትችላለህ?» ስትለኝ ይህንኑ ነገርኳት። ጓደኞቿ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከጓዳ የባለቤቴ ሳቅ ባይሰማ ኖሮ ገና እቀጥል ነበር።

«ንገራቸዋ!» አለች አልማዝ ብቅ ብላ። «አባቴ ፊት ምን እንደሆንክ ንገራቸው!»

ምን ይደረግ፣ ነገርኳቸው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ወገቤ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ ምላሴ ግን አንዋር መስጊድ ጋ ቆሜ ብዘረጋው መሳለሚያ የሚደርስ። ካርታ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ሻይ ቤት ከሚጫወቱት ጀርባ እየቆምኩ ግን ራሴን የራሚ ንጉሥ አድርጌ ሾሜ ነበር። «ትናንት ሰባት ሰው በተራ ስረታ ካርታው ራሱ ደከመው» እያልኩ አወራለሁ። ወሬው ዞሮ ዞሮ የአልማዝ አባት ጆሮ ገባ።

ጋሼ በቀለ የብትን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አልማዝን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ብልክባቸው ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ።

«ለቁማርተኛ ልጄን አልሰጥም ብለዋል።»

«ኧረ እኔ ካርታ አልችልም! ንገሩልኝ!»

«አንተ ቀጣፊ!» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «ሰባት ሰው ረታሁ ብለህ የነገርከኝ አንተው አይደለህ እንዴ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ነገር መቻልን ማሳየት ቀላል ነው፤ አለመቻልን እንዴት ያሳዩታል? ደግነቱ ጋሼ በቀለ በወጣትነታቸው ካርታ ሲጫወቱ ኖረው ኋላ እርም ያሉ ሰው ነበሩና፣ «እሑድ ይምጣና አንድ ዙር ከእኔ ጋር ይጫወት። እጁን አይቼ እፈርዳለሁ» ብለው ላኩብኝ።

ሐምሌ ነው። በዚያ ጭቃ አንዱን ጫማዬን ሁለት ጊዜ ቀብሬ ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ከተዘጉት የቅመማ ቅመም ሱቆች የሚወጣው የበርበሬ ሽታ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ያስነጥሳል። ስደርስ የአልማዝ እናት እትዬ ዘነበች ድፎ ዳቦና ቀረፋ የበዛበት ሻይ አቀረቡልኝ። ከመጋረጃው ሥር የአልማዝን እግር አያለሁ። ድፎውን ረሳሁት።

ጋሼ በቀለ በወዙና አሥር አሥር አደሉ።

ደንቡን በወጉ ያስረዳችኝ ልጄ ናት፣ ያውም ባለፈው ቅዳሜ። አንድ ታነሣለህ፣ አንድ ትጥላለህ። ያሉህን ካርታዎች ወይ ቁጥራቸው አንድ የሆነውን፣ ወይ ምልክታቸው አንድ ሆኖ ቁጥራቸው የሚከታተለውን፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት እያደረግህ ትሰካለህ። ሁሉንም ቀድሞ የሰካ ዘጋ ይባላል። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው ማንሣትና መጣሉን ብቻ ነው።

የልብ ምልክት ያላቸው ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ተከታትለው ገብተውልኛል። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሁለቱ ንጉሦችና ንግሥቲቱ ላይ ነው። ደግሞስ በጃንሆይ ዘመን ንጉሥ አንሥቶ መወርወር ማን ይደፍራል? ታላላቆቹን ይዤ ተራዎቹን ማሰናበት ጀመርኩ። ሰባቷን ጣልኩ፤ ጋሼ በቀለ አነሡ። ስምንቷን ጣልኩ፤ አነሡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ትቀልድብኛለህ?»

«እናቴ ትሙት፣ ጋሼ!»

ዘጠኟን ጣልኩ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሰክተው የያዙትን ሁሉ ዘረጉት።

«ዘጋሁ። በል ያንተን አሳየኝ።»

ደረቴን ነፍቼ ዘረጋሁ። ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ንግሥት፣ አንድ ጃክ፣ የቀረው ግርግር። «ታላላቆቹ እኔ ጋ ናቸው፤ ያሸነፍኩ መሰለኝ» አልኳቸው።

ካርታዎቼን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ዘነበች! ነይ እዪልኝ! ሰባት ስምንት ዘጠኝ ተሰክቶ መጥቶለት አንድ በአንድ ጣለው! ቁማርተኛማ የማይችል ለመምሰል ብሎ ቢጥለው እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። የዚህ እጅ ንቅንቅም አላለም። ይሄ ደንቆሮ ነው!»

«ለደንቆሮስ እንሰጣለን እንዴ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ደንቆሮ ይማራል። ሽማግሌዎቹ ይመለሱ።»

ያን ቀን «ደንቆሮ» የሚለው ስድብ እንደ ማር ጣፈጠኝ። የመርካቶ ሸክም በሙሉ ከጀርባዬ የወረደ መሰለኝ። ድፎውን ለብቻዬ ጨረስኩት። ከመጋረጃው ጀርባ አልማዝ ሳቋን በነጠላዋ ስታፍን ይሰማኛል።

ልጄ ይህን ሰምታ ሳቀች፣ ሳቀችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ግን አባዬ፣ ቁማርተኛ ነኝ ብሎ የሚዋሽ ሰው አለ እንዴ? ሰው የሚዋሸው አይደለሁም ብሎ ነው እንጂ።»

ጓደኞቿ ፊት በቀልድ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን ከነከነኝ። የጋሼ በቀለ ሳቅ ያወረደልኝ ግማሹን ሸክም ነበር፤ ግማሹን እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። ሰፈሩ «ትምህርት ለምን አቆምክ?» ሲለኝ «ራሚ ነዋ ያስቆመኝ!» እል ነበር፤ ሰነፍ ከምባል ቁማርተኛ መባል ክብር መስሎኝ። ራሚ ከምንም አላስቆመኝም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም ወድቄያለሁ።