ባዕ ያስባለብኝ መምህር

ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው፤ ይህቺን ያህል እንኳ ልበቀለው።

የአምስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህሬ ነበር፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የእንስሳት ስም ጻፈና በየተራ እያስነሳ ያስነብበን ጀመር። የእኔ ተራ በግ ላይ ወደቀ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ግን «ሺፕ» ብዬ መሳብ ሲገባኝ «ሽፕ» ብዬ አሳጠርኩት።

«መርከብ ነው ያልሽው» አለኝ። «መንዝ ላይ መርከብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ አልበቃውም። የበግ አርቢ ልጅ የበግ ስም ከጠፋት ራሷ በግ ናት ብሎ፣ ሁሉም ባዕ እንዲሉብኝ አዘዘ። አሉብኝ። ደወል እስኪደወል ድረስ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «በጊቱ» ሆነ። በመንገድ፣ በወንዝ፣ በገበያ ቀን ሳይቀር። እናቴ ስቀሽ እለፊያቸው ብትለኝም አልሳቅኩም። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ በሌላ ቀን ተራዋ ሲደርስ እሱ አህያ አላት። እሷ እንደ እኔ ጥርሷን ነክሳ አልቆየችም፤ ደብተሯን አቅፋ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። በዓመቱ ዳሯት።

ደብረ ብርሃን የመምህራን ኮሌጅ ስጨርስ ጓደኞቼ ሁሉ ከተማ እንዲመደቡ ደጅ ይጠኑ ነበር። እኔ ያንኑ ትምህርት ቤት ጠየቅኩ። የሚመድበው ሰውዬ ተገርሞ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ እናቴ ብቻዋን ናት አልኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እሱ ገና እዚያው ያስተምር ነበር።

ትንንሾቹን ሰጡኝ። ምን እንደማደርግ ኮሌጅ ሆኜ ጨርሼዋለሁ፤ ልጆቹ አምስተኛ ክፍል ደርሰው እጁ ላይ ሲወድቁ የሚያስፈራራበት ነገር እንዳያገኝ አድርጌ ላሳድጋቸው ነው። የአጨዳ ዜማ ወስጄ የእንግሊዝኛ ቃል አለበስኩት። ቀለም፣ ቁጥር፣ የሰውነት ክፍል፣ ሁሉንም እያጨበጨቡ ያዜሙታል። ከሁሉ የሚወዱት ግን የጅብና የበግ ጨዋታ ነው። አንዱ ጅብ ሆኖ በሩ ላይ ይቆምና ጥቁር በግ እፈልጋለሁ ይላል፤ በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ። ጥቁር የለበሰ ሁሉ ባዕ ብሎ ጮኾ፣ ጅቡ ሳይነካው ወደ ማዶው ግድግዳ ይሮጣል። ነጭ ሲል ነጭ የለበሱት ይሮጣሉ። የበግ ጠጉር ባና የደረቡት ብልጦች ቀለሙ ሲጠራ ባናቸውን ገልብጠው ይደብቁታል።

ባዕ ማለቱን ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት። ያ ድምፅ ለእነሱ ሳቅ ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ።

እሱ ጫጫታው ረበሸኝ ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ከሰሰኝ። ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን ቸል ሲለው፣ ሁዳዴ ጠብቆ ለወላጆች ልጆቻችሁን በጾም እያስዘፈነቻቸው ነው አላቸው። በእኛ አገር ይህ ቀላል ክስ አይደለም። በማግስቱ የአንዲት ተማሪዬ አባት፣ በደብሩ የሚያገለግሉ መሪጌታ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። እንዲገቡ ለመንኳቸውና ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ዘፈኑን ትቼ፣ ልጆቹን ልክ የቄስ ተማሪ ፊደል እንደሚቆጥር እየተቀባበሉ አስነበብኳቸው። መሪጌታው መጀመሪያ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዳመጡ። ቆይተው በመቋሚያው ወለሉን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ።

ሲወጡ እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። «ይሄ የንባብ ዜማ ነው» አሉት። «ዘፈን ነው ያልከኝ ምኑን ሰምተህ ነው?»

ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት እያንጎራጎርኩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ልጆቼ አድገው አምስተኛ ክፍል ሲገቡ የእኔ ክፍል ከእሱ ክፍል አጠገብ ነበር። በግድግዳው አልፎ ሁሉም ይሰማል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ አንብባ ተሳሳተች መሰለኝ፣ የእሱን ድምፅ ሰማሁ።

«በሉ ባዕ በሉባት!»

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ባዕ አለ፤ ግን እንደዚያ ጊዜው አልነበረም። በደስታ ነው የጮኹት፤ ተከትሎ ዴስኩ ሲንኳኳ፣ እግር ሲሮጥ ተሰማ። ጨዋታ የጀመረላቸው መስሏቸው ወደ ማዶው ግድግዳ መሮጣቸው ነበር። ልጅቷም አብራ ሮጣለች። ወጥቼ በመስኮት አጮልቄ ሳይ እሱ ዱላውን እንደያዘ መሃል ላይ ቆሟል፤ አንዱ ልጅ «መምህር፣ ጅቡ እርስዎ ነዎት?» ይለዋል። ተመልሼ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ፤ ተማሪዎቼ ስስቅ እንዳያዩኝ።

ወሬው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። ልጆቹ እንግሊዝኛ የወደዱበትን መንገድ ለሁላችንም አሳዪን አለኝና፣ አንድ ቅዳሜ ለመምህራኑ ስልጠና ሰጠሁ። መምህራኑ ተማሪ፣ እኔ አስተማሪ። እሱ ጉልበቱን እንደሚያመው ተናግሮ ጥግ ተቀመጠ። ጉልበቱ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት ዳገቱን ሲወጣ አይቼዋለሁ።

«መምህር፣ ዛሬ ተማሪ ነዎት፤ ይነሱ» አልኩት።

ሁሉም ያየው ነበርና ተነሳ። የደረበው ኮት ጥቁር ነው። ጅብ የሆነችውን መምህርት ጥቁር በግ እንድትጠራ ሹክ አልኳት። ጠራች። ሽበት የወረረው ሰው ባዕ ብሎ ሮጠ፤ ባልደረቦቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው። ሁለተኛ ዙር አስጠራሁት።

ሻይ ስንጠጣ አጠገቤ መጣ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ። ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ያኔ እልህ ባላስይዝሽ ዛሬ የት ትደርሽ ነበር? የእኔ ፍሬ ነሽ እኮ» አለኝ።

ረስቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልረሳም። አስታውሶ፣ ውለታ አድርጎ ቆጥሮታል።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «አህያ ያሏትን ልጅ አውቃታለሁ። ከአምስተኛ ክፍል ሳታልፍ ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች። እሷስ የማን ፍሬ ናት?»

እሱ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ለእኔ ተሰጠ፤ እሱ ኅብረተሰብ ያስተምራል። ጠዋት ስንገናኝ ጎንበስ ብዬ እንደምን አደሩ እላለሁ፤ እሱም ደህና ይላል። ክፍሎቻችን አሁንም ጎን ለጎን ናቸው። ሌላ መምህር ከአጠገባችን ሲያስተምር ልጆቼን ባዕ ሲሉ ቀስ በሉ እላቸዋለሁ። የእሱ ክፍለ ጊዜ ሲሆን ግን መስኮቱን እከፍትና «አልሰማሁም፣ እንደገና» እላቸዋለሁ።